አጥር የሚዘል ፈረስን በመስኩ ስለ ማቆየት

ፈረስ ለሀገራችን ሰው ምን ያህል ክብር እንዳለው ለማስረዳት ብዙ መናገር አያስፈልግም። ጥንት ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው መባላቸው በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። ዛሬም በአዊ ምድር የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን ሸልመው በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓላቸውን ያከብራሉ። በብዙ የደጋ ከተሞችም ፈረስ ጋሪ እየጎተተ ሰውና ዕቃ ያመላልሳል፤ የብዙ ቤተ ሰብ የዕለት እንጀራም የሚገኘው ከዚሁ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ ይኸው የተከበረ እንስሳ አጥር መዝለል የለመደ እንደሆነ፣ የገበሬውን አዝመራ በአንድ ሌሊት የሚያጠፋ፣ ባለቤቱን ከጎረቤቱ የሚያጣላ፣ ራሱንም ለጅብና ለመኪና አሳልፎ የሚሰጥ ይሆናል። ይልቁንም ከተማው ከገጠሩ በሚዋሰንበት ስፍራ፣ የባለ ጋሪው መስክና የገበሬው ገብስ በአንድ አጥር ብቻ ተለያይተው ስለሚገኙ፣ ጠቡ በየዓመቱ ይደጋገማል። ስለዚህ ፈረስ ለሚያረቡ የከተማ ነዋሪዎችና እንዲህ ያለውን ክርክር ለሚሰሙ የአጥቢያ ሹማምንት ይጠቅም ዘንድ ይህን ትምህርት አቅርበናል።

ፈረስ ዘለለ በተባለ ጊዜ አብዛኛው ሰው ወዲያው የሚያስበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው አጥሩን ከፍ ማድረግ፣ ሁለተኛው የፈረሱን እግር ማሰር ነው። አጥርን ከፍ ማድረግ ተገቢ ሥራ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። በጥር 28 ቀን 1941 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1949) በቺሌ አገር፣ ቪኛ ዴል ማር በምትባል ከተማ፣ ካፒቴን አልቤርቶ ላራጊቤል የተባለ የጦር መኮንን ሁዋሶ በተባለ ፈረስ ላይ ተቀምጦ 2 ሜትር ከ47 ሳንቲሜትር የሆነ መሰናክል ዘሏል። ከዚህ የሚበልጥ ዝላይ እስከ ዛሬ በመዝገብ አልሰፈረም። የእኛ የደጋ ፈረስ በቁመቱ አነስተኛ፣ በዝላይም ያልሠለጠነ ስለ ሆነ ይህን ያህል ይዘላል ማለት አይደለም። ነገር ግን ፈረስ በተፈጥሮው ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከዚህ መረዳት ይቻላል። ከመስኩ ለመውጣት የቆረጠ ፈረስ ዛሬ ያቃተውን ነገ ይሞክረዋል፤ መዝለል ቢያቅተው በደረቱ ገፍቶ ይሰብረዋል። እንግዲህ የአጥሩን ቁመት ከመለካት በፊት፣ ፈረሱ ምን ፈልጎ እንደሚወጣ መመርመር ይገባል።

ፈረሱ የሚዘልበት ምክንያት

የመጀመሪያው ምክንያት ረኀብ ነው። ፈረስ እንደ በሬ የሚያመነዥክ እንስሳ አይደለም። ጨጓራው ከሰውነቱ ጋር ሲመዛዘን ትንሽ ስለ ሆነ፣ ጥቂት በጥቂት እየጋጠ የቀኑንና የሌሊቱን አብዛኛውን ሰዓት በመብላት እንዲያሳልፍ ሆኖ ተፈጥሯል። ቀኑን ሙሉ በልጓም ውሎ፣ ማታ ሣሩ ተግጦ መሬቱ ወደ ቀረበት መስክ የሚለቀቅ ፈረስ፣ ከአጥሩ ማዶ የለመለመ ገብስ እያየ ዝም ብሎ ያድራል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። የውሃ ጥምም እንደዚሁ ያስወጣዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ብቸኝነት ነው። ፈረስ በመንጋ የሚኖር እንስሳ ነው። በመንጋው ውስጥ አንዱ ሲተኛ ሌላው ቆሞ ስለሚጠብቅ፣ ብቻውን የቀረ ፈረስ ዕረፍት አያገኝም። በአጥሩ ዳር ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ፣ ደጋግሞ የሚያሽካካ፣ ግጦሹን ትቶ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚመለከት ፈረስ ጓደኛ ፈላጊ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የመራባት ፍላጎት ነው። ያልተኮላሸ ድንጉላ የባዝራን ሽታ ነፋስ ከሩቅ ያመጣለታል። ባዝራ በመራቢያዋ ወቅት በየ21 ቀኑ ገደማ ለጥቂት ቀናት ድንጉላ ትፈልጋለች፤ በእነዚህም ቀናት ከሁለቱ ወገን አንዱ አጥሩን መፈታተኑ አይቀርም።

አራተኛው ምክንያት ፍርሀት ነው። ፈረስ ከአደጋ የሚያመልጠው በመዋጋት ሳይሆን በመሸሽ ነው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው ምሳሌ ለሌላ ነገር የሚነገር ቢሆንም ለተፈጥሮው የተስማማ ነው። የጅብ ጩኸት፣ የውሻ መንጋ፣ ድንጋይ የሚወረውሩ ልጆች፣ ድንገተኛ የመኪና ጡሩንባ ያስበረገገው ፈረስ የአጥሩን ቁመት ሳይለካ ይዘላል።

አምስተኛው ምክንያት ልማድ ነው። ይህን ልማድ ብዙ ጊዜ የሚያስተምረው ባለቤቱ ራሱ ነው። በሩን ከመክፈት ሰንፎ ከአጥሩ አንዱን እንጨት ዝቅ አድርጎ ፈረሱን በላዩ የሚያሻግር ሰው፣ አጥር የሚታለፍ ነገር መሆኑን በየቀኑ እያስተማረው ነው። ልጆች ለጨዋታ በዝቅተኛ አጥር ላይ እንዲያዘልሉት የሚፈቅድም እንዲሁ ነው። ፈረሱ አንድ ጊዜ ዘሎ ከገብሱ ከቀመሰ በኋላ፣ ዝላዩ ዋጋ እንዳገኘለት ስለሚያውቅ ሁለተኛውን ለመሞከር አያመነታም።

ከእነዚህ አንዱን ከሌላው ለመለየት ሁለት ሦስት ቀን በትዕግሥት መመልከት ይበቃል። ፈረሱ የወጣው በስንት ሰዓት ነው? በየት በኩል ዘለለ? ከዘለለስ በኋላ የት ተገኘ? በአዝመራ ውስጥ የተገኘ ፈረስ ርቦታል፤ ከሌሎች ፈረሶች ጋር የተገኘ ጓደኛ ፈልጓል፤ ከባዝራ ዘንድ የተገኘ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ላብ አጥምቆት በሩቅ መንገድ ላይ የተገኘም ፈርቶ ሸሽቷል። የተገኘበት ስፍራ አብዛኛውን ጊዜ መልሱን ይሰጣል።

መስኩን ስለ ማስተካከል

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ሥራው የሚጀመረው ከአጥሩ ውስጥ ነው። የተራበው ፈረስ ማታ ወደ መስክ ከመለቀቁ በፊት ድርቆሽ ይሰጠው። 300 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፈረስ በቀን ወደ 6 ኪሎ ግራም የሚሆን ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል፤ ሥራው የከበደ እንደሆነ ከዚህ ይጨመርለታል። ውሃም እንደ አየሩ ሙቀትና እንደ ሥራው ከ20 እስከ 40 ሊትር ሊጠጣ ስለሚችል፣ ገንዳው ባዶ ሆኖ እንዳያድር መጠንቀቅ ነው። ጨው መላስም ይወዳል። መኖው በአንድ ቦታ ከሚከመር ይልቅ ከአዝመራው ራቅ ባሉ ሁለት ሦስት ቦታዎች ቢደለደል፣ ፈረሱ በመስኩ ውስጥ እየተዘዋወረ ይቆያል።

ብቸኛው ፈረስ ጓደኛ ይሰጠው። ሌላ ፈረስ ቢገኝ መልካም ነው፤ ባይገኝ አህያ ወይም ፍየል ለብዙ ፈረስ ጥሩ ባልንጀራ ይሆናል። ሁለት ጎረቤታሞች ፈረሶቻቸውን ተነጋግረው በአንድ መስክ ቢያሳድሩ፣ የአጥሩም ወጪ የጥበቃውም ድካም ይቀልላቸዋል።

ለዘር የማይፈለግ ድንጉላ በእንስሳት ሐኪም እጅ ይኮላሽ። በድንጋይና በእንጨት መቀጥቀጥ ጭካኔ ከመሆኑም ሌላ ለሕመምና ለሞት ያደርሳል። የተኮላሸውም ፈረስ ፍላጎቱ በአንድ ቀን ስለማይጠፋና ለጥቂት ሳምንታት ማስረገዝ ስለሚችል፣ በዚያ ጊዜ ከባዝራ ተለይቶ ይቀመጥ።

ሌሊት የሚዘለው ፈረስ ደግሞ ሌሊቱን በጋጣ ማደሩ ከሁሉ ይሻላል። በዚህም ሁለት ጥቅም ይገኛል። አንደኛ ከጅብ ይድናል። ሁለተኛ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለውን ገዳይ ደዌ የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች በብዛት የሚንቀሳቀሱት ከፀሐይ መግቢያ እስከ ፀሐይ መውጫ ስለ ሆነ፣ በዚህ ሰዓት በቤት ያለ ፈረስ ከሜዳው ፈረስ ይልቅ ይጠበቃል።

አጥሩን ስለ መሥራት

ከዚህ በኋላ ወደ አጥሩ እንመለስ። ለፈረስ የሚሠራ አጥር በተለመደው ከ1 ሜትር ከ40 እስከ 1 ሜትር ከ50 ሳንቲሜትር ቢቆም ይበቃል፤ ይህም በክንድ ሲለካ ወደ ሦስት ክንድ ነው። ለድንጉላና መዝለል ለለመደ ፈረስ ግን ከዚህ ከፍ ማለት ይኖርበታል። ቀላሉ መለኪያ ፈረሱ ራሱን አቅንቶ ሲቆም የአጥሩ ጫፍ እስከ ዐይኑ እንዲደርስ ማድረግ ነው።

መሬቱ ተዳፋት የሆነ እንደሆነ ልኬቱ ፈረሱ ከሚነሣበት ከላይኛው ወገን ይወሰድ። ከታች ቆሞ ሲታይ ረጅም የሚመስለው አጥር፣ ከላይ ለሚመጣው ፈረስ ከጉልበቱ ጥቂት ከፍ ያለ ብቻ ሊሆን ይችላል። እንደዚሁም በአጥሩ ሥር የተከመረ ፍግ፣ የአፈር ቁልል ወይም ጉቶ ለፈረሱ መወጣጫ ስለሚሆን ይነሣ።

ምሰሶዎቹ የባሕር ዛፍ፣ የጽድ ወይም የወይራ ቢሆኑ ይጠነክራሉ። ከ60 እስከ 90 ሳንቲሜትር ወደ መሬት ገብተው ዙሪያቸው በድንጋይና በአፈር ይደልደል። አግዳሚዎቹ እንጨቶች ከምሰሶው በውስጥ ወገን ቢመቱ፣ ፈረሱ በደረቱ ሲገፋቸው ምስማሩ አይነቀልም። የታችኛው እንጨት ከመሬት 20 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል። የመስኩ ማዕዘን እንደ ጦር ጫፍ የሾለ እንደሆነ የተባረረ ፈረስ መውጫ ሲያጣ የሚዘለው በዚያ ስለ ሆነ፣ ማዕዘኖቹ ሰፋና ክብ ይሁኑ።

ፈረስ ዐይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለ ተቀመጡ ዙሪያውን ለማየት ጥቂት ብቻ ሲቀረው፣ በግንባሩ ፊት ለፊት በጣም የቀረበውን ነገር ግን አያይም። ቀጭን ሽቦም ከሩቅ አይለይም። ስለዚህ የአጥሩ የላይኛው ጫፍ በግልጽ የሚታይ ወፍራም እንጨት ይሁን፤ አጥሩ ሽቦ ወይም ገመድ የሆነ እንደሆነም በየ1 ሜትሩ ነጭ ጨርቅ ይታሰርበት። ፈረስ የሚያርፍበትን ስፍራ ያላየውን አጥር ለመዝለል ያመነታል። ከዚህ የተነሣ የድንጋይ ካብ ወይም ጥቅጥቅ ያለ የኮሽም አጥር ከተከፋፈተ አጥር የተሻለ ነው። ኮሽም አድጎ እስኪጠነክር ዓመታት ስለሚወስድ፣ ከእንጨቱ አጥር በውጭ በኩል ተተክሎ ቢያድግ ለልጅ የሚተርፍ ሥራ ይሆናል። ቅንጭብም በብዙ ስፍራ ለአጥር ይተከላል፤ ነገር ግን ወተቱ የሰውንም የእንስሳንም ዐይን ክፉኛ ስለሚጎዳ ፈረሱ ከሚነካው ስፍራ ይራቅ።

መደረግ የሌለበት

ሰው በንዴት የሚሠራው ነገር ብዙ ጊዜ ከዝላዩ የባሰ ጉዳት ያመጣል። እሾሃማ ሽቦ ከ1874 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በአሜሪካ የተስፋፋው ለከብት ማገጃ ነው። የከብት ቆዳ ወፍራም፣ ጠባዩም የረጋ ነው። ፈረስ ግን ሽቦው ሲይዘው ስለሚታገል ሥጋውንና ጅማቱን ይቆርጠዋል። ከዚያም ቁስል የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ሊገባ ይችላል፤ ፈረስም ለዚህ በሽታ ከብዙ እንስሳት ይልቅ የተጋለጠ ነው። በግንብ ላይ ብርጭቆ መሰካት፣ በአጥር ሥር ሹል እንጨት መትከልም እንዲሁ የተከለከለ ይሁን።

የፊት እግርን ከኋላ እግር ጋር በጠፍር ማሰር በሀገራችን የተለመደ ነው። ጠፍሩ ቆዳውን እየላጠ እስከ ጅማት የሚደርስ ቁስል ያወጣል፤ ጅብም ሲመጣ ፈረሱ መሸሽ አይችልም። ከዚህም በላይ እግሩ የታሰረ ፈረስ ሁለቱን የፊት እግሮቹን አንድ ላይ አንሥቶ መዝለልን ሊማር ይችላል። ማሰር ግድ የሆነ እንደሆነ ሰፊና ለስላሳ ማሰሪያ ይሁን፤ ጊዜው አጭር፣ ጠባቂም በአጠገቡ ይኑር።

በሌሎች አገሮች ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ መሣሪያ አጭርና ደካማ የኤሌክትሪክ ንዝረት ወደ አጥሩ ይልካል፤ ፈረሱንም ሳይጎዳ ያስተምረዋል። ነገር ግን የቤትን መብራት መሥመር በቀጥታ ከሽቦ ጋር ማገናኘት ፈረሱንም፣ ሕፃኑንም፣ መንገደኛውንም የሚገድል ስለ ሆነ ማንም አይሞክረው።

ልማዱን ስለ ማስተው

ዘሎ የለመደ ፈረስ ልማዱን የሚተወው ዝላዩ ዋጋ ሲያጣበት ነው። ስለዚህ አጥሩ ተጠናክሮ እስኪያልቅ ድረስ ፈረሱ በጋጣ ይቆይ፤ በደካማው አጥር ሦስትና አራት ጊዜ ከተሳካለት በኋላ አዲሱን አጥር መፈተኑ አይቀርምና። ሲወጣም ሲገባም ዘወትር በበሩ ብቻ ይለፍ። ወጥቶ የተገኘ እንደሆነ በዱላ አይባረር፤ የተባረረ ፈረስ ሁለተኛ አጥር ይዘላልና። ጥቂት መኖ ይዞ በቀስታ መቅረብ፣ በልጓም መያዝ፣ በበሩ ማስገባት ነው። ከያዙት በኋላ መምታትም አይጠቅምም። ፈረሱ ዱላውን የሚያያይዘው ከመያዙ ጋር እንጂ ከመዝለሉ ጋር አይደለም፤ ለሚቀጥለው ጊዜ የሚማረውም ከሰው መሸሽን ነው። በየቀኑ መጠነኛ ሥራ ወይም ግልቢያ ያገኘ ፈረስ ደግሞ ያለ ሥራ ከሚቆመው ይልቅ ይረጋል።

ጉዳት በደረሰ ጊዜ

በሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ደንግጓል። እንስሳው ድንገት ከእጁ ያመለጠ ቢሆንም፣ ጉዳቱም አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም፣ ባለቤቱ ከኃላፊነት አይድንም። እንግዲህ «ዘሎ ነው እንጂ እኔ አልለቀቅሁትም» የሚለው ክርክር ገብሱን አይመልስም፤ ኃላፊነቱንም አያስቀርም። ባለ መሬቱም በመሬቱ ላይ ጉዳት የሚያደርሰውን እንስሳ ለካሣው መያዣ እንዲሆን ይዞ ማቆየት እንዲችል ሕጉ ፈቅዶለታል። ይህ ፈቃድ ግን ለማስራብ ወይም ለመደብደብ አይደለም። የተያዘው ፈረስ ይብላ፣ ይጠጣ፤ ለባለቤቱም ሳይዘገይ ይነገረው።

ገብስ ወይም ሌላ እህል በብዛት የበላ ፈረስ በሆድ ቁርጠትና በሰኮና ብግነት ሊታመም፣ ሊሞትም ስለሚችል፣ ያየው ሰው ሁሉ ለባለቤቱ በቶሎ ማስታወቁ ከሕግ በፊት የጉርብትና ግዴታ ነው። ባለቤቱም ምልክቱን ሳይጠብቅ የእንስሳት ሐኪም ይጥራ።

ክርክሩን የሚሰሙ ሹማምንት ጉዳቱ በደረሰበት ቀን፣ ዱካው ሳይጠፋ፣ ሁለቱም ወገኖች ባሉበት ቦታውን ቢያዩ መልካም ነው። የተበላው የአዝመራ ስፋት በእርምጃ ይለካ፤ አጥሩ በየት በኩል እንደ ተሻገረና ቁመቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ይመዝገብ። ግምቱ የአካባቢውን ምርት በሚያውቁ ሽማግሎች ቢሠራ ሁለቱም ወገኖች ያምኑበታል። ካሣውን ከማስከፈል ጋርም፣ ፈረሱ ለምን እንደ ወጣና ባለቤቱ ለወደፊቱ ምን እንደሚያደርግ ጠይቆ በስምምነት ማስፈረም ይገባል። ያለዚያ የዘንድሮው ክስ ለመጪው ዓመት መመለሱ አይቀርም።

ለአንድ አጥር የሚወጣው እንጨትና ምስማር፣ ለፈረሱም የሚጨመርለት አንድ ሸክም ድርቆሽ፣ ከጠፋ አዝመራ ካሣና ከተሰበረ ፈረስ ዋጋ ጋር ሲመዛዘን ጥቂት ነው። ከተጎዳ ጉርብትና ጋር ቢመዛዘን ደግሞ ከቁጥር አይገባም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን፣ ፈረስ ያለው ሁሉ ዛሬ ማታ ከመተኛቱ በፊት በመስኩ ዙሪያ አንድ ጊዜ ይራመድ። አጥሩን ይነቅንቅ፤ የገንዳውን ውሃ ይመልከት፤ ፈረሱም ራሱን ወደ ማን መስክ እንዳቀና ያስተውል።